«ምስጢርህን ይዣለሁ» የሚሉ ኢሜይሎች በእጃቸው ምን አለ?

የማታውቁት ሰው ኢሜይል ይልክላችኋል። ርዕሱ ላይ ከዓመታት በፊት ትጠቀሙበት የነበረው ፓስወርድ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ከፍታችሁ ስታነቡት፣ ላኪው ኮምፒውተራችሁን ሰብሮ ከገባ ወራት እንዳለፉት፣ የብልግና ፊልም ስትመለከቱ በራሳችሁ ካሜራ እንደቀረጻችሁ፣ የዘመድ አዝማድ አድራሻ ሁሉ በእጁ እንደገባ ይነግራችኋል። ከዚያ ወደ ዋናው ጉዳይ ይሄዳል። በሁለት ቀን ውስጥ ይህን ያህል ዶላር በቢትኮይን ካልላካችሁ ቪዲዮው ለቤተሰብ፣ ለሥራ ባልደረባና ለወዳጅ ይበተናል። «ለፖሊስ ብትናገር ምንም አታመጣም» የሚል ማሳሰቢያም አይቀርም።

ይህን ያነበበ ሰው፣ የተባለውን ነገር አደረገም አላደረገም፣ ልቡ መደንገጡ አይቀርም። ንጹህ የሆነውም ቢሆን «ፓስወርዴን ካወቀ ሌላውንስ የማያውቅበት ምን ምክንያት አለ?» ብሎ ያስባል። መልዕክቱ የተሠራውም ለዚህች ጥያቄ ነው። አንድ እውነት አስቀድሞ አሳይቶ ሌላውን ሁሉ በእሷ ጥላ ሥር ያሳምናል።

በአብዛኛው እውነታው ሌላ ነው። ላኪው ቪዲዮ የለውም፤ ኮምፒውተራችሁ ውስጥም አልገባም፤ ማን እንደሆናችሁም አያውቅም። ያለው ነገር አንድ መስመር ጽሑፍ ነው፦ የኢሜይል አድራሻና አሮጌ ፓስወርድ። ያንንም ያገኘው ከእናንተ ሳይሆን ከገበያ ነው።

ፓስወርዱ ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ2012 ሊንክድኢን የተባለው የሥራና የሙያ ማኅበራዊ ገጽ ተዘረፈ። ጉዳቱ መጀመሪያ ከታሰበው እጅግ የሰፋ መሆኑ የታወቀው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በ2016 ከ100 ሚሊዮን በላይ የተጠቃሚዎች ኢሜይልና ፓስወርድ በድብቅ የኢንተርኔት ገበያ ለሽያጭ ቀረበ። ያሁም በ2013 የተፈጸመበት ስርቆት ሦስት ቢሊዮን አካውንቶችን፣ ማለትም በወቅቱ የነበሩትን ሁሉ፣ እንደነካ በ2017 አምኗል። እንዲህ ያሉ ስርቆቶች ብዙ ናቸው። የተሰረቀው መዝገብ መጀመሪያ በውድ ይሸጣል፣ ቀጥሎ ይረክሳል፣ በመጨረሻም ማንም በነፃ የሚያወርደው ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 አንድ ብልጥ ቡድን ይህን የረከሰ መዝገብ ለሌላ ሥራ አዋለው። ፓስወርዱን ተጠቅሞ አካውንት ከመክፈት ይልቅ (ብዙው ያረጀና የተቀየረ ነውና) ለማስፈራሪያ ማስረጃ አደረገው። ውጤቱ ወዲያው ታየ። የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍቢአይ፣ በዚያው ዓመት 51,146 የማስፈራሪያና የገንዘብ ጥየቃ አቤቱታዎች እንደደረሱት ገልጿል። ከቀዳሚው ዓመት ጋር ሲነጻጸር በ242 በመቶ የጨመረ ሲሆን፣ አብዛኛው ይኸው ዓይነት ኢሜይል ነበር። በ2024 ደግሞ የዚህ ዘርፍ አቤቱታ 86,415 ደርሷል። ስለዚህ የአንድ ሰሞን ወረርሽኝ ነበር ብለን የምናልፈው አይደለም።

«ከራስህ ኢሜይል ነው የጻፍኩልህ»

ሌላው የሚያስደነግጥ ብልሃት ይህ ነው። የላኪው ስም ላይ የምታዩት የገዛ ራሳችሁን አድራሻ ነው። «አየህ፣ አካውንትህ በእጄ ነው» ይላል።

ነገሩ የፖስታ ደብዳቤን ይመስላል። ፖስታ ላይ የላኪን ስም የሚጽፈው ላኪው ራሱ ነው፤ ፖስታ ቤቱ መታወቂያ አይጠይቅም። ኢሜይል የሚጓጓዝበት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1982 ሲዘረጋ ተጠቃሚዎቹ ጥቂትና እርስ በርስ የሚተዋወቁ ስለነበሩ የላኪን ማንነት የሚያረጋግጥ አሠራር አልነበረውም። ኋላ ላይ ማጣሪያዎች ቢጨመሩም ሁሉም ድርጅት በአግባቡ አልዘረጋቸውም። ስለዚህ በእናንተ ስም መጻፍ አካውንታችሁን ከመያዝ ጋር ግንኙነት የለውም። ለማረጋገጥ የምትፈልጉ «የተላኩ» የሚለውን ሳጥን ተመልከቱ። አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ውስጥ መልዕክቱ የለም።

በ2024 ደግሞ በአሜሪካና በካናዳ አዲስ መልክ ይዞ መጣ። ኢሜይሉ የተቀባዩን ሙሉ ስም፣ የቤት አድራሻና ጭራሽ የቤቱን ፎቶግራፍ ይዞ ይደርሳል። በዚያ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ ከፓስወርዱ የባሰ ያስደነግጣል፤ «ደጄ ላይ ቆሟል» ያሰኛል። ፎቶው ግን ማንም ሰው በጉግል ካርታ የመንገድ እይታ ላይ አድራሻ አስገብቶ የሚያገኘው ነው። አንዳንዶቹ መልዕክቶች «ፔጋሰስ» የተባለውን የእስራኤል የስለላ ሶፍትዌር ስም ይጠራሉ። ያ ሶፍትዌር በውድ ዋጋ ለመንግሥታት የሚሸጥ ነው። ያን የያዘ ሰው ሁለት ሺሕ ዶላር ለመለመን ለማያውቀው ሰው ኢሜይል ሲበትን አይውልም።

ሒሳቡ እንዴት ያዋጣቸዋል?

እንዲህ የውሸት መሆኑ ግልጽ ከሆነ ማን ይከፍላል? የሚከፍለው ጥቂት ሰው ነው። ሥራው የቆመውም በዚሁ ጥቂት ሰው ላይ ነው።

ቼክ ፖይንት የተባለው የሳይበር ደኅንነት ድርጅት በ2019 ያወጣው ጥናት ሒሳቡን ያሳያል። «ፎርፒክስ» በተባለ ቫይረስ የተጠቁና ባለቤቶቻቸው ሳያውቁ የሚታዘዙ ኮምፒውተሮች በሰዓት እስከ 30 ሺሕ የማስፈራሪያ ኢሜይል ይልኩ ነበር። አጥኚዎቹ በተከታተሏቸው አምስት ወራት ወደ ወንበዴዎቹ የገባው 14 ቢትኮይን ገደማ፣ በጊዜው ዋጋ ከ110 ሺሕ ዶላር በላይ ነው። መልዕክቱን የጻፈው ሰው ቁጭ ብሎ ማንንም አልሰለለም። ማሽን ጽፎ ማሽን ላከው። ከብዙ ሺሕ ሰው አንዱ ደንግጦ ቢከፍል ቀሪው ቢስቅበትም ግድ የለውም።

ይህን መረዳት ለምላሻችን ይጠቅማል። ላኪው እናንተን እየጠበቀ አይደለም። የሁለት ቀኑ ቀጠሮ ሲያልፍም ምንም አይከተልም፤ ምክንያቱም የሚልከው ቪዲዮ የለም።

በምን እንለየው?

ጥቂት ምልክቶች ይበቃሉ። አንደኛ፣ ማስረጃ አያሳይም። ቪዲዮ ያለው ሰው አንዲት ምስል ቆርጦ ቢልክ ይበልጥ ያስፈራ ነበር፤ እነዚህ ግን አይልኩም። ሁለተኛ፣ ስለ እናንተ ብቻ እውነት የሆነ ዝርዝር የለውም። የትኛውን ድረ ገጽ፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ስልክ ወይም ኮምፒውተር አይልም፤ ለማንም የሚላክ ጅምላ ጽሑፍ ነው። ሦስተኛ፣ የሚጠቅሰው ፓስወርድ አሮጌ ነው። አራተኛ፣ ክፍያው በቢትኮይን ወይም በመሰል ዲጂታል ገንዘብ ነው። አምስተኛ፣ ያጣድፋል። ስድስተኛ፣ «ለማንም አትንገር» ይላል። የመጨረሻዋ ከሁሉም ትበልጣለች። ከሰው የተማከረ ሰው ስለማይከፍል ነው ዝምታን የሚያዝዙት።

ምን እናድርግ?

አትክፈሉ። የከፈለ ሰው ነገሩን አይዘጋውም፤ «ይህ ሰው ይከፍላል» ተብሎ ይመዘገባል። በአገራችን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ ከረንሲ መገበያየት ያልተፈቀደ መሆኑን አሳውቋል። ስለዚህ ከወንበዴ ለማምለጥ ቢትኮይን ፍለጋ ጓዳ ለጓዳ የሚሄድ ሰው ራሱን ለሁለተኛ ወንበዴና ለሕግ ተጠያቂነት ያጋልጣል።

መልስ አትስጡ፤ ስድብም ቢሆን። መልስ መስጠት አድራሻው የሚሠራና ሰው ያለበት መሆኑን ይነግራቸዋል። አባሪ ፋይል ካለው አትክፈቱ፣ ማስፈንጠሪያም አትጫኑ። ባዶ የነበረው ማስፈራሪያ እውነተኛ ቫይረስ የሚሆነው በዚያ በኩል ነው።

የተጠቀሰውን ፓስወርድ ግን በቁም ነገር ውሰዱት። ዛሬም በኢሜይል፣ በፌስቡክ፣ በቴሌግራም ወይም በባንክ መተግበሪያ ላይ እሱኑ ወይም እሱን የሚመስል የምትጠቀሙ ከሆነ አሁኑኑ ቀይሩ። አንድ ፓስወርድ ለሁሉም ቦታ ማዋል የቤት፣ የሱቅና የመኪና ቁልፍን አንድ እንደማድረግ ነው። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም አብሩ። አድራሻችሁ ከተሰረቁት መዝገቦች ውስጥ መኖሩን ለማወቅ ደግሞ «ሃቭ አይ ቢን ፓውንድ» የተባለ፣ ከ2013 ጀምሮ በነፃ የሚያገለግል ድረ ገጽ አለ። እዚያ የሚጻፈው የኢሜይል አድራሻ ብቻ ነው።

በመጨረሻም መልዕክቱን «ስፓም» ብላችሁ አስወግዱት። ለሚመለከተው ማመልከት የምትፈልጉ ከማጥፋታችሁ በፊት ቅጂ አስቀሩ። የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ከሆነ ለአይቲ ክፍሉ ንገሩ፤ አንድ ሠራተኛ ጋ የደረሰ ብዙዎች ጋ ደርሶ ይሆናልና።

እውነት ሲሆንስ?

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ሁሉም ውሸት ነው» ብሎ መሸኘት ሌላ ጉዳት ያመጣል። በኢንተርኔት የተዋወቁት ሰው ቀርቦ፣ ፍቅር መስሎ፣ ፎቶ ወይም የቪዲዮ ጥሪ ተለዋውጦ ከዚያ የሚያስፈራራበት ወንጀልም አለ። ይህኛው ምስሉ በእጁ ነው፤ ስማችሁንም ጓደኞቻችሁንም ያውቃል። ልዩነቱ ቀላል ነው፦ ማስረጃውን ያሳያል።

ይህ ሕይወት ያጠፋ ወንጀል ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ሚቺጋን ግዛት አንድ የ17 ዓመት ልጅ፣ ሴት መስለው በኢንስታግራም በቀረቡት ወንጀለኞች ተዋክቦ ሕይወቱን አጥፍቷል። ሁለት ናይጄሪያውያን ወንድማማቾች ለአሜሪካ ተላልፈው ተሰጥተው በ2024 እያንዳንዳቸው የ17 ዓመት ተኩል እስራት ተፈርዶባቸዋል። ልጁን የጎዳው ምስሉ ብቻ አይደለም፤ «ከዚህ መውጫ የለህም» የሚለው ቃል ነው።

እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰውም መክፈል የለበትም፤ ከአንድ ክፍያ በኋላ ሁለተኛው ይከተላል። ነገር ግን አጥፍቶ ዝም ማለት የለበትም። የተጻጻፈውን፣ የአካውንቱን ስምና ገንዘብ የተጠየቀበትን አድራሻ በስክሪን ሾት ይያዝ፣ ከዚያ ግንኙነቱን ያቋርጥ፣ ለመተግበሪያው ባለቤት ያመልክት፣ ለፖሊስም ያሳውቅ። በአገራችን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሌላውን ሰው ወይም ቤተሰቡን በኮምፒውተር አማካይነት ማስፈራራትን በወንጀል ያስቀጣል። ዕድሜያቸው ከ18 በታች ሳሉ የተነሱ ምስሎችን ከትልልቅ መድረኮች ለማገድ «ቴክ ኢት ዳውን»፣ ለአዋቂዎች ደግሞ «ስቶፕ ኤንሲአይአይ» የሚባሉ ነፃ አገልግሎቶች አሉ። ምስሉ ከስልካችሁ ሳይወጣ ዲጂታል አሻራው ብቻ ይላካል።

የሚሸጠው ዝምታ ነው

ሁለቱ ወንጀሎች ቢለያዩም ሸቀጣቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ዝምታን ይሸጣሉ። ገመናን መሸፈን እንደ ትልቅ ጨዋነት በሚቆጠርበት ማኅበረሰብ ውስጥ ደግሞ ይህ ሸቀጥ ዋጋው ይወደዳል። ባል ለሚስቱ፣ ልጅ ለእናቱ፣ ሠራተኛ ለአለቃው መናገር ሲያፍር ለመንገር የሚቀረው ወንበዴው ብቻ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ወላጆች ልጆቻቸውን «ስልክህን አምጣ» ከማለታቸው በፊት አንድ ቃል ቢሰጧቸው ይበጃል፦ «ማንም በምንም ቢያስፈራራህ፣ ያደረግከው ምንም ይሁን ምን፣ መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ፤ ቁጣው ይቆይ።» ይህን ቃል የሰማ ልጅ ለወንበዴ አይመችም።

የተቋማትም ድርሻ አለ። የማስፈራሪያው ጥሬ ዕቃ ከተጠቃሚው ቤት ሳይሆን መረጃውን አደራ ከተቀበለው ድርጅት የወጣ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ እንዲጠብቀው ያስገድዳል። ዛሬ የትምህርት፣ የጤና፣ የባንክና የመንግሥት አገልግሎት ወደ ዲጂታል እየገባ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲዘረፍ በግልጽ ካልተናገረ፣ ከዓመታት በኋላ የዜጎች ፓስወርድ በማስፈራሪያ ኢሜይል ርዕስ ላይ ተጽፎ ይመጣል። ያን ጊዜ ባለ ፓስወርዱ ሌሊቱን ሙሉ ሲብሰለሰል ያድራል፤ ሳይናገር የቀረው ድርጅት ግን ማንም አይጠይቀውም።

እስከዚያው ድረስ ኢሜይሉ ከደረሳችሁ አንድ ሰው ጥሩና አብራችሁ አንብቡት። ብቻውን ሲነበብ የሚያስፈራው ደብዳቤ ለሁለት ሲነበብ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ይታያል።