ዚምባብዌን ያደኸያት ማዕቀብ አይደለም

የዚምባብዌው ፕሬዚዳንት የነበሩት ሮበርት ሙጋቤ በእኛ ሀገር ዛሬም ብዙ ወዳጅ አላቸው። ለነጭ ያልተንበረከኩ፣ የሕዝባቸውን መሬት ያስመለሱ፣ በዚሁ ድፍረታቸው የተነሣ ሀገራቸው በምዕራባውያን ማዕቀብ የተቀጣችባቸው መሪ ተደርገው ይነሣሉ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በ1991 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ማስጠለላቸው አንዱን ያስደስታል፣ ሌላውን ያስቆጣል፤ የዚምባብዌ ኢኮኖሚ ለምን ወደቀ ሲባል ግን ሁለቱም ወገኖች አንድ መልስ አላቸው፦ ማዕቀብ። ኢትዮጵያ በ2022 መጀመሪያ ከአሜሪካው የንግድ ዕድል ከአጎዋ ከታገደች ወዲህ ይህ መልስ የበለጠ የሚያሳምን መስሏል።

መልሱ ስሕተት ነው። የዚምባብዌን ገንዘብ የገደለው የሕዝቡን ድጋፍ ያጣ ፕሬዚዳንት በወንበሩ ለመቆየት ያሳተመው ገንዘብ ነው። «ምርጫውን ማን አሸነፈ?» የሚለው ክርክርና «ኑሮው ለምን ተናጋ?» የሚለው ክርክር ለየብቻ መካሄዳቸው ብዙ ሰው አሳስቷል፤ ጉዳዩ አንድ ነው።

ቀኖቹን እንመልከት። የዚምባብዌ ዶላር በአንድ ቀን ከ70 በመቶ በላይ ዋጋውን ያጣው ኖቬምበር 14 ቀን 1997 ነበር። መንግሥት 50,000 ለሚሆኑ የነጻነት ትግል አርበኞች ለእያንዳንዳቸው 50,000 የሀገሩን ዶላርና የወር ጡረታ ሊከፍል ቃል ገብቶ ነበር፤ በበጀቱ ውስጥ ግን ይህ ገንዘብ አልነበረም። በዓመቱ ጦር ወደ ኮንጎ ዘመተ። የአሜሪካ የማዕቀብ ሕግ የወጣው ግን በዲሴምበር 2001 ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2002 ተከተለ። ማዕቀቡ ብድር ዘጋ የሚሉ አሉ። ዚምባብዌ ለዓለም የገንዘብ ድርጅት ዕዳዋን መክፈል ያቆመችው ሕጉ ከመውጣቱ ከወራት በፊት ነው። ያልከፈለን ተበዳሪ አበዳሪ እንደሚሸሸው ለማወቅ ማዕቀብ አያስፈልግም።

ሙጋቤ በ2000 ያቀረቡትን ሕገ መንግሥት ሕዝቡ በድምፁ ጣለው። ከዚያ ወዲህ ሥልጣናቸው በፈቃድ የቆመ አልነበረም፤ በፈቃድ ያልቆመ ሥልጣን ደግሞ ደጋፊውን በየወሩ መግዛት አለበት። ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ግብር ከፋዩ ደኽይቷል፣ ብድር የለም፤ የቀረው ማተሚያ ቤቱ ነው።

በጊዲዮን ጎኖ ይመራ የነበረው ማዕከላዊው ሪዘርቭ ባንክ የባንክን ሥራ ተሻግሮ ሁለተኛ የገንዘብ ሚኒስቴር ሆነ። ትራክተርና የእርሻ መሣሪያ ገዝቶ አከፋፈለ፤ ላኪዎች ያገኙትን የውጭ ምንዛሬ ወሰደ፤ የእርዳታ ድርጅቶች በአደራ ያስቀመጡትንም ነካ። በመንግሥት ተመን ዶላር የሚያገኝ ባለሥልጣን በማግስቱ በጥቁር ገበያ ሸጦ ይከብር ነበር። ይህ የአገዛዙ ደሞዝ ነበር፤ የሚከፍለው ደግሞ ገንዘቡ በኪሱ ውስጥ የሚሟሟበት አስተማሪና ነርስ ነበር። በ2007 ዋጋ ሲሰቀል መንግሥት ነጋዴው ዋጋውን በግማሽ እንዲቀንስ አዘዘ። ነጋዴው ታሰረ፣ የሱቁ መደርደሪያ ባዶውን ቀረ፤ ማተሙ ግን ቀጠለ።

ከዚያ የምርጫው ቀን፣ ማርች 29 ቀን 2008 መጣ። ሕጉ የየጣቢያው ውጤት በር ላይ እንዲለጠፍ ስላዘዘ፣ ሰው ቆጠራውን በዓይኑ አይቶ ነበር። የፕሬዚዳንቱ ምርጫ ውጤት ግን ከወር በላይ ታፍኖ ሜይ 2 ቀን ወጣ፦ የተቃዋሚው መሪ ሞርጋን ቻንጊራይ 47.9፣ ሙጋቤ 43.2 በመቶ። ማንም ከግማሽ በላይ ባለማግኘቱ የተጠራው ሁለተኛው ዙር እስኪደርስ ገጠሩ በዱላ ተናወጠ። ቻንጊራይ ከ80 በላይ ደጋፊዎቻቸው መገደላቸውን ገልጸው ከውድድሩ ወጡ፤ ሙጋቤ ብቻቸውን ሮጠው 85 በመቶ አገኙ፤ ጁን 29 ቀን ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ ወዲያውም በግብጿ ሻርም ኤል ሼክ ጉባኤ ከአፍሪካ መሪዎች መሐል ተቀመጡ።

ይህን ሁሉ ያስፈጸመው ሚሊሻና ወታደር ደሞዝ ይፈልጋል። በዚያው ዓመት በጁላይ የዓመቱ የዋጋ ንረት በመንግሥት በራሱ ቁጥር 231 ሚሊዮን በመቶ ደረሰ። በኦገስት ከገንዘቡ አሥር ዜሮ ተቆረጠ፤ ዜሮዎቹ በጥቂት ወራት ተመልሰው መጡ። በዲሴምበር መባቻ ደሞዛቸውን ከባንክ ማውጣት ያቃታቸው ወታደሮች ሐራሬ ውስጥ ሱቅና መንዛሪ ዘረፉ። በጃንዋሪ 2009 ባለ 100 ትሪሊዮን ዶላሩ ኖት ወጣ። በ2015 ባንኩ አሮጌውን ገንዘብ ሲሰበስብ ለዚያ ኖት የከፈለው 40 የአሜሪካ ሳንቲም ነው።

አሁን ማዕቀብ ነው የሚለው ሰው ይመልስልኝ። በ2009 መጀመሪያ ሀገሪቱ የውጭ ገንዘብ እንዲሠራባት ፈቀደች፤ በፌብሩዋሪ የጥምር መንግሥት ተመሠረተ፤ ከተቃዋሚው ወገን የመጡት የገንዘብ ሚኒስትር ቴንዳይ ቢቲ ከገባው በላይ እንዳይወጣ አደረጉ። ንረቱ በሳምንታት ውስጥ ቆመ፤ ዋጋ የቀነሰባቸው ወራትም ነበሩ። ማዕቀቡስ? በቦታው ነበር፤ አሜሪካ በማርች 2009 እንደገና አድሳዋለች። በሽታው ሲድን ያልተነሣ ነገር የበሽታው ምክንያት ሊሆን አይችልም።

መሬት ለጥቁር መሰጠቱ ነው ሀገሪቱን ያጠፋት ለሚሉትም መልሱ እዚያው አለ። እርሻው ለነጮቹ አልተመለሰም፤ ሆኖም በ2000 ከ230 ሚሊዮን ኪሎ በላይ የነበረው፣ በ2008 ወደ 48 ሚሊዮን የወረደው የትምባሆ ምርት በ2014 ከ200 ሚሊዮን ኪሎ በላይ ተመልሷል። አራሹ ጥቁር ገበሬ ነው። የነጮቹ እርሻ የተወረረባቸው ዓመታት ምርቱን እንደጎዱት አልክድም፤ ገንዘቡን ግን ገበሬ አላተመውም።

ሌላም የማይረሳ ነገር አለ። ተቃዋሚዎች የከተማ ምክር ቤቶችን ሲያሸንፉ መንግሥት የሐራሬን ውኃ ከከተማዋ አስተዳደር ነጥቆ ለራሱ መሥሪያ ቤት ሰጠ። መሥሪያ ቤቱ የማጣሪያ ኬሚካል መግዣ እንኳ አጣ፤ በኦገስት 2008 ኮሌራ ገባ፤ ከ4,000 በላይ ሰው ጨረሰ።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ የማርች 29ኙ ቆጠራ በሳምንቱ ተነግሮ፣ የተሸነፈው ሰው ቤቱ ገብቶ ቢሆን ኖሮ፣ ማዕቀብ ኖረም አልኖረም፣ የ100 ትሪሊዮኑ ኖት ባልታተመ፣ በኮሌራ ያለቁትም አብዛኞቹ በሕይወት በኖሩ ነበር።