ስለ ጾመ ስልክ
ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን በሚጾመው ጾመ ፍልሰታ፣ ጥቂት በሶና ሽምብራ ቋጥረው ለሱባኤ ወደ ገዳማት ከሚገቡት ምእመናን ብዙዎቹን፣ ከእህልና ከውሃ ይልቅ ለመተው የሚቸግራቸው በኪሳቸው የያዙት ስልክ መሆኑን የተመለከተ ሰው፣ ከአበው የተላለፈው ሥርዓተ ተባሕትዎ ለዘመናችን ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ሳይገነዘብ አይቀርም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ አገራችን የገባው ስልክ ለብዙ ዘመን በአንድ ስፍራ ተተክሎ ሰውን ይጠብቅ የነበረ ሲሆን፣ የዛሬው ግን ሰውን በሄደበት እየተከተለ፣ በማዕድም በጸሎትም መካከል ደወሉን እያሰማ፣ መልስ ያዘገየውን ሁሉ እንደ በደለኛ የሚያስቆጥር ሆኗል፤ ድካማችንም የሚመነጨው ከመሣሪያው ሳይሆን «ወዲያው ካልመለስህ ንቀኸኛል» ከሚለው አዲስ ሕገ ልማድ ይመስለኛል። ልጇ ዐረብ አገር ያለችባት እናትና ተረኛ ሐኪም ስልካቸውን ይዝጉ ብዬ አልፈርድም (ለእነርሱስ መደወሉ ራሱ ምሕረት ነው)፤ የቀረነው ግን አስቀድመን ለዘመድና ለባልደረባ አስታውቀን፣ ለአስቸኳይ ጉዳይ የአንድ ጎረቤት ቁጥር ሰጥተን፣ ቢያንስ ከቅዳሜ ሠርክ እስከ እሑድ ቅዳሴ ፍጻሜ ብንዘጋው፣ ያመለጠን የመሰለን ወሬ ሁሉ ከቀትር በኋላም ሳይሻግት ይጠብቀናል።