ኮብራው ማንን ሊሸከም ነው?

ወንድምህ በ2000 እና በ2007 ዓ.ም. የውጭ ዜጎች ሱቅ ከተዘረፈባት ከደቡብ አፍሪካ ብር ልኮ «መኪና ግዛበት» ብሎሃል። ከሀቢቾ ሆሳዕና ለመመላለስ፣ ልጆችን መድረሳ ለማድረስ፣ እናትህን ሐኪም ቤት ለመውሰድ አንዲት ዲኤክስ ወይም ቪትዝ ትበቃሃለች። ልብህ ግን ኮብራ ላይ ነው።

«መንገዱ ጭቃ ነው» ትላለህ። እርግጥ ነው፣ በክረምት ከአስፋልት ወጥቶ ስንዴና ቆጮ የሚጭን ሰው ላንድክሩዘር ቢገዛ ማን ይወቅሰዋል? ያንተ ጭቃ ግን የቱ ነው? እኛ የምናየው ከ2 ቶን በላይ የሚመዝን ብረት አንድ ሰው ይዞ ከሆቴል ደጃፍ እስከ ሆቴል ደጃፍ ናፍጣ ሲጠጣ ነው! ይህ ኢስራፍ ብቻ አይደለም፤ ሪያእም አለበት።

ስለ ዘካም አስብ። ኒሷብ የሞላና ዓመት የዞረበት ገንዘብ ከመቶ 2.5 ይወጣለታል፤ ለራስ መገልገያ በተገዛ መኪና ላይ ግን ዘካ የለም። ሸሪዓው ይህን ያገራልህ ለችግርህ ነው እንጂ ለጉራህ ነውን? ብሩ ኮብራ ሲሆን የሚስኪኑ ድርሻም አብሮ ሄደ። ቃሩን በጌጡ ደምቆ ሲወጣም የጎመጁ ነበሩ፤ ፍጻሜውን ታውቃለህ።

ዲኤክሷን ግዛ። የተረፈውን ለወንድምህ አስቀምጥለት፤ ሲመለስ ሱቅ የሚከፍትበት ይፈልጋል።