ተራራ ይቀንሳል እንዴ?

የጥያቄና መልስ ውድድር አዘጋጆች ከባዷን ጥያቄ ለመጨረሻ ማቆየት ይወዳሉ። ነጥቡ እኩል ሆኖ፣ አዳራሹ ጸጥ ብሎ፣ ጠያቂው ፖስታውን ሲከፍት ተመልካቹም ከተወዳዳሪው እኩል ይጨነቃል። ደስ ይላል፤ እኔም ከሚወዱት ነኝ። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ከመጨረሻዋ ፖስታ የምትወጣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከባድ አይደለችም። ወይ የተሸመደደ ቁጥር ትፈልጋለች፣ ወይ ሁለት መልስ አላት፣ ወይ ደግሞ ካርዱ ከተጻፈ ወዲህ መልሷ ተለውጧል።

እዚህ ዲላ፣ መናኸሪያው አጠገብ ባለች ጀበና ቡና ቤት ተቀምጠን አንድ የተማሪዎች ውድድር በቴሌቪዥን እናይ ነበር። የጣቢያውን ስም ልተወው። ሁለቱ ቡድኖች እኩል ነጥብ ይዘው መጨረሻው ላይ ደረሱ። ጥያቄው መጣ፤ ራስ ደጀን ከባሕር ጠለል በላይ ስንት ሜትር ነው? አንዷ ተማሪ ከጓደኞቿ ጋር ተንሾካሹካ “4,550” አለች። ጠያቂው ካርዱን አየት አድርጎ “አልተመለሰም፤ ወደ ቀጣዩ ቡድን ይተላለፋል” አለ። ቀጣዩ ቡድን “4,620” ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ዋንጫውም ወደዚያ ሄደ።

ቡና ቤቷ ውስጥ ግን ክርክሩ ገና መጀመሩ ነበር። ጡረታ የወጡ አንድ መምህር “እኔም ያስተማርኩት 4,620 ብዬ ነው” አሉ። ከጎናቸው የተቀመጠ ወጣት ስልኩን እያሳየ “ጋሼ፣ እሱ እኮ ድሮ ነው። አሁን ሲለካ ቀንሶ ተገኝቷል” አላቸው። “ተራራ ይቀንሳል እንዴ?” አሉ መምህሩ። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ቡና ቀጂዋ ሳትቀር ረከቦቷን ትታ ሳቀች።

ተራራው አልቀነሰም። ለብዙ ዓመታት በመማሪያ መጻሕፍት የተጻፈው ቁጥር 4,620 ነው። በኋላ የመጡት ልኬቶች ግን 4,533 ወይም 4,550 ሜትር ይሉታል። ያቺ ልጅ የተሸነፈችው ባለማወቅ ሳይሆን አዲሱን በማወቋ ነው። ካርዱን የጻፈው ሰው ቁጥሩን ከየትኛው መጽሐፍ እንደወሰደ ቢጠየቅ ኖሮ ጥያቄዋ ከፖስታው ውስጥ ባልገባች ነበር።

ለዚህ ዓይነቱ ስሕተት ምሳሌ ፍለጋ እስከ ሰሜን ተራሮች መሄድ አያስፈልግም። ዲላና ይርጋጨፌ ያሉበት ጌዴኦ ይበቃናል። “ይርጋጨፌ በየትኛው ክልል ትገኛለች?” የምትለው ጥያቄ ለልጅ የምትቀል ትመስላለች። በደርግ ጊዜ መልሱ ሲዳሞ ክፍለ ሀገር ነበር። ቀጥሎ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ሆነ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ነው። ከተማዋ ካለችበት ፈቀቅ አላለችም፤ አድራሻዋ ግን ተቀያይሯል። የውድድር ጥያቄ ደግሞ ከዓመት ዓመት ከአንዱ ደብተር ወደ ሌላው እየተገለበጠ ስለሚኖር፣ የይርጋጨፌ ልጅ የገዛ አገሩን አድራሻ በትክክል ተናግሮ “አልተመለሰም” ሊባል ይችላል።

“ዲላ ዩኒቨርሲቲ መቼ ተመሠረተ?” የሚለውም እንደዚያው ነው። ተቋሙ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 የመምህራንና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ በኋላ በያኔው ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሥር ገባ፤ ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ የሆነው በ2006 ነው። 1996 ያለውም፣ 2006 ያለውም ተማሪ አልተሳሳተም። አንዱ በእኛ አቆጣጠር ሌላው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ቢመልስማ መልሱ አራት ሊደርስ ነው። ጠያቂው ግን በእጁ ያለው አንድ ካርድ ብቻ ነው።

ከሁሉም የሚገርመኝ የትክል ድንጋዮቻችን ነገር ነው። በጌዴኦ ተራሮች ላይ፣ በቱቱ ፈላ፣ በቱቲቲ፣ በሳካሮ ሶዶና በሌሎችም ሥፍራዎች፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ትክል ድንጋዮች አሉ። ዕድሜያቸው ሲነገር የኖረው የዛሬ 900 ዓመት ገደማ እየተባለ ነው። በአውሮፓውያኑ 2021 ግን አሸናፊ ዜና የተባለ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ጥናት፣ የሳካሮ ሶዶዎቹ የቆሙት በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን አካባቢ ሳይሆን እንደማይቀር አመለከተ። በአንድ ጥናት ዕድሜያቸው አንድ ሺህ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ሄደ። አሁን አንድ አዘጋጅ የድሮ ማስታወሻውን አገላብጦ “የጌዴኦ ትክል ድንጋዮች ዕድሜ ስንት ነው?” ብሎ ቢጠይቅና የዲላ ተማሪ ስለ አዲሱ ጥናት አንብቦ ቢመልስ፣ ነጥቡን ማን ይሰጠዋል?

“የዳኞች ውሳኔ የመጨረሻ ነው” የሚል ይኖራል። ሌሎች አገሮችም በዚህ መንገድ አልፈዋል፤ የተሻሉት ግን ውሳኔያቸውን የመጨረሻ አላደረጉም። በአውሮፓውያን 2006 በእንግሊዙ “ሚሊየነር መሆን የሚፈልግ ማነው?” ውድድር፣ ላውረንስ ሌዌሊን-ቦወን የተባለው የቴሌቪዥን ሰው ከባለቤቱ ጋር የአንድ ሚሊዮን ፓውንዷ ጥያቄ ላይ ደረሰ። የመጨረሻዋ ጥያቄ የአሜሪካን መሪ ቃል የምትመለከት ነበረች፤ ባልና ሚስቱ መለሱ፣ ተሳሳታችሁ ተባሉ፣ በእጃቸው የነበረው ገንዘብም አብዛኛው ሄደ። በኋላ ጥያቄዋ ሲመረመር አሻሚ ሆና ተገኘች። አዘጋጆቹ ምን አደረጉ? ጥንዶቹን መልሰው ጠርተው ሌላ ጥያቄ አቀረቡላቸው። እነሱም ሁለተኛዋን ሳይሞክሩ ግማሽ ሚሊዮን ፓውንዱን ይዘው ሄዱ። ጣቢያው ስሕተቱን በማረሙ አልተዋረደም፤ ይልቁንም ተመልካች አመነው።

የእኛው “የቤተሰብ ጨዋታ” በዚህ በኩል ከጥያቄና መልስ ውድድሮቻችን የበለጠ ሐቀኛ ነው እላለሁ። በኢቢኤስ ነጻነት ወርቅነህ ሲያቀርበው ያየ ሰው ሕጉን ያውቃል። እዚያ የሚጠየቀው እውነቱ ምን እንደሆነ ሳይሆን፣ አስቀድመው የተጠየቁ ሰዎች ምን እንዳሉ ነው። ብዙዎች ያሉት መልስ ብዙ ነጥብ ያስገኛል። ስለዚህ ቤተሰቡ ቢስቅ ወይም ቢናደድ እንጂ “መጽሐፉ እንዲህ ይላል” ብሎ የሚከራከርበት ምክንያት የለውም። የጥያቄና መልስ ውድድር ግን እውነትን እጠይቃለሁ ብሎ ተነሥቷል። እውነትን የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ምንጩን የማሳየት ግዴታ አለበት።

ታዲያ ጥሩ የመጨረሻ ጥያቄ ምን ዓይነት ናት? በአውሮፓውያን የካቲት 2011፣ ጄፓርዲ በተባለው የአሜሪካ ውድድር ላይ ዋትሰን የተባለ የአይቢኤም ኮምፒዩተር ከኬን ጄኒንግስና ከብራድ ራተር ጋር ተፎካክሮ ነበር። የመጀመሪያው ግጥሚያ የመጨረሻ ጥያቄ የአሜሪካ ከተሞችን የሚመለከት ሆነ። ትልቁ አውሮፕላን ማረፊያዋ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀግና፣ ሁለተኛው ደግሞ በዚያው ጦርነት ውጊያ ስም የተሰየመላት ከተማ ማን ናት? ሁለቱም ሰዎች ቺካጎ ብለው መለሱ። ብዙ መረጃ የተጫነበት ኮምፒዩተር ግን ካናዳ ውስጥ ያለችውን ቶሮንቶን ጻፈ። ኮምፒዩተሩ በጠቅላላ ውጤት ቢያሸንፍም፣ በዚያች ጥያቄ ሰዎቹ በልጠውታል።

የዚያች ጥያቄ ውበት ለማሰብ መንገድ መስጠቷ ነው። መልሱን ማንም ባይነግርህ እንኳ ሚድዌይ የሚባል ውጊያ እንደነበረ ካስታወስክ፣ ስሙን ከወረሰው አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥተህ ትደርስበታለህ። እኛ ይህን ከውጭ የምንማር ሰዎች አይደለንም። ማታ ማታ እሳት ዳር “እንቆቅልሽ?” ሲባል “ምን አውቅልህ?” እያልን ነው ያደግነው። እንቆቅልሽ ቁጥር ሸምድድ አይልም፤ ፍንጩን ሁሉ ሰጥቶ አስብ ይላል። ያቃተው አገር ይሰጣል እንጂ ስንት ሜትር ነው ተብሎ አይያዝም።

እንግዲህ እኔም አንድ ጥያቄ ልወርውር፤ አዘጋጆች ከፈለጉ ይውሰዷት። በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የኢትዮጵያ ሥፍራዎች ሁለቱ “ባህላዊ መልክዓ ምድር” የሚል ስም ይዘዋል። የአንደኛው ሕዝብ ተዳፋቱን በድንጋይ እርከን እየገደበ ያርሳል። የሌላው ሕዝብ ትልልቁን ዛፍ ሳይቆርጥ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና ያበቅላል፤ በተራራው ጀርባም ትክል ድንጋይ አለው። ሁለተኛው የማን ነው?

ይህችን ጥያቄ የጎንደርም የጅግጅጋም ልጅ ሊመልሳት ይችላል። የድንጋይ እርከን ሲባል ኮንሶን ያስታውሳል፤ እንሰትና ቡና በአንድ ማሳ ሲባል ወደ ደቡብ ይመለከታል፤ ትክል ድንጋይ ሲጨመርበት ጌዴኦ ላይ ይደርሳል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 በሪያድ ጉባኤ ተመዝግቧል፤ ይህን ቀን የማያስታውስ ልጅም መልሱን አያጣውም። የዲላና የወናጎ ልጅ ደግሞ ከጓሮው የሚያየውን እያሰበ ይመልሳል። እናቱ እንሰት የምትፍቅበት፣ አባቱ ቡና የሚለቅምበት ማሳ በቴሌቪዥን የሚጠየቅ እውቀት መሆኑን ሲያይ ምን እንደሚሰማው መገመት አይከብድም።

“ውድድር መዝናኛ ነው፤ ይህን ያህል ምን ያካርራል?” የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። የሚያካርረኝ በማግሥቱ ክፍል ውስጥ የሚሆነው ነው። ልጆች ከነዚህ ፕሮግራሞች የሚወስዱት መልሱን ብቻ አይደለም፤ እውቀት ማለት ምን እንደሆነም ይማራሉ። ካርዱ ያለው ሁልጊዜ ልክ ነው ብሎ የተማረ ልጅ፣ ነገ እጁን አውጥቶ “ቲቸር፣ አዲሱ መጽሐፍ እኮ ሌላ ነው የሚለው” ማለቱን ይተዋል። ጌዴኦ ሽማግሌዎቹ የሚመክሩበት ሶንጎ ያለው አገር ነው፤ እዚያ ባለጉዳይ ሳይሰማ ነገር አይዘጋም። የውድድር መድረክ ለአንድ ተማሪ አቤቱታ አንድ ደቂቃ ቢሰጥ ምን ይጎድልበታል?

ለቴሌቪዥን አዘጋጆችም፣ ለዞንና ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችም፣ በየትምህርት ቤቱ ጥያቄ ለሚያወጡ መምህራንም የምለው አጭር ነው። በእያንዳንዱ ካርድ ጀርባ መልሱ የተወሰደበትን ምንጭና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉ። ካለፈው ዓመት የተረፈውን ጥያቄ ሳትፈትሹ ፖስታ ውስጥ አትክተቱ። ተወዳዳሪ ሲቃወም ሰዓት አልቋል ብላችሁ አትዝጉት፤ ሰምታችሁ መርምሩ። ካርዱ ተሳስቶ ከተገኘም ነጥቡን ለተማሪው መልሱ።