አምስት ወርቅ፣ አንድ ቦታ

“አንተ ኦሊምፒክ ሲባል ከሩጫ ሌላ አይታይህም” አለኝ ወዳጄ። “ኩባዊውን ሚሃይን ሎፔዝን ታውቀዋለህ?”

“የግሪኮ ሮማን ትግሉን ሰውዬ? እንዴት አላውቀውም!”

“እስቲ ወርቆቹን ቁጠርልኝ።”

“ቤጂንግ 2008፣ ለንደን 2012፣ ሪዮ 2016፣ በኮሮና ምክንያት በ2021 የተካሄደው የቶኪዮው፣ ከዚያ ፓሪስ 2024። በአንድ የግል ውድድር አምስት ኦሊምፒክ አከታትሎ ያሸነፈ ከእሱ በፊት አልነበረም። ካርል ሉዊስ በርዝመት ዝላይ፣ ማይክል ፌልፕስ በ200 ሜትር ድብልቅ ዋና፣ አራት ላይ ነው የቆሙት።”

“ያውም በ41 ዓመቱ!”

“42 ሊሞላው ሁለት ሳምንት ሲቀረው። ደግሞ ሲጀምር እንዲህ አልነበረም። አቴንስ 2004 ላይ አምስተኛ ወጣ፤ ወርቁን ሩሲያዊው ሃሳን ባሮየቭ ወሰደ። ከአራት ዓመት በኋላ ቤጂንግ ላይ ሁለቱ ለፍጻሜ ተገናኙ፤ የዚያን ቀን ሎፔዝ ዕዳውን አስመለሰ።”

“እኔ የማይገባኝ” አለ ወዳጄ፣ “እግር መጥለፍ የተከለከለበት ትግል ምን ትግል ነው? በኛ ሰፈር እግር ሳይጠልፍ ማን አሸንፎ ያውቃል?”

“ግሪኮ ሮማን ነዋ! ከወገብ በታች መያዝ የለም፣ በእግር መጥለፍም የለም። ደረት ለደረት ተናንቀህ ነው የምትጥለው። ሦስት ሦስት ደቂቃ ሁለት ጊዜ ትታገላለህ፤ የአንዱ ሁለቱም ትከሻ ምንጣፍ ላይ ከተያዘ ግን እዚያው አለቀ። ዝም ብለህ ከተከላከልክ ደግሞ ዳኛው በሆድህ ያስተኛህና ተጋጣሚህ ከላይ ሆኖ ይሞክርሃል። ሎፔዝ 130 ኪሎ የሚመዝነውን ሰው በወገቡ አቅፎ መገልበጥ የተካነ ነው።”

“እሺ፣ ጀግና ነው በለኛ!”

“ጀግናማ ነው። እኔን የሚያስገርመኝ ግን ፓሪስ ላይ በፍጻሜው ከፊቱ የቆመው ሰው ነው።”

“ቺሊያዊው?”

“ለቺሊ ይታገል እንጂ ኩባ ነው የተወለደው፤ ያስማኒ አኮስታ ይባላል። ከሎፔዝ ጋር አብሮ ሲለማመድ የኖረ ሰው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንድ አገር በአንድ የክብደት ምድብ ወደ ኦሊምፒክ የምትልከው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሎፔዝ እስካለ ድረስ ከኋላው ያለው ምንም ቢበረታ ቤቱ ተቀምጦ ነው የሚያየው። አኮስታ በ2015 ለውድድር ሳንቲያጎ ሄደና በዚያው ቀረ።”

“ከዳ በለኛ!”

“አንተ ከዳ በለው። እኔ ቦታ ፍለጋ ነው የምለው። በሩጫ እንኳ አንድ አገር በአንድ ርቀት ሦስት ሰው ነው ኦሊምፒክ የምታሰልፈው። አራተኛው ምን ይሁን? እዚህ ተወልደው ለባህሬን የሚሮጡትን አስባቸው። ማርያም ዩሱፍ ጀማል በ2007 እና በ2009 የ1500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን የለበሰችው የማንን ማሊያ ነበር?”

ወዳጄ ትንሽ አሰበና “ታዲያ ጥፋቱ የሎፔዝ ነው ልትል ነው?” አለኝ።

“በጭራሽ! ሰውዬው ቦታውን ያገኘው በጉልበቱ ነው። ግን ይህንንም ስማ፤ ከቶኪዮ በኋላ እስከ ፓሪስ ድረስ ዓለም አቀፍ ውድድር ላይ አልወጣም። በትግል የማለፊያው ኮታ የአገር እንጂ የሰው አይደለም፤ ስለዚህ ኩባን በዚያ ምድብ ለፓሪስ ያበቃት ሌላ ልጅ ነው። ልጁ ኮታውን አመጣ፣ ሎፔዝ ገባበት። ሄዶም አራቱንም ግጥሚያ አሸነፈ፤ ፍጻሜውን 6 ለ 0። ከዚያ ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ መሃል ትቶ ወጣ፤ በትግል ዓለም ስንብት እንዲህ ነው።”

“አኮስታስ?”

“ብር ወሰደ። ቺሊ በትግል ያገኘችው የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ነው።”

“ታዲያ ያተረፈችው ቺሊ ናት!”

“አየህ፣ ወርቁንም ብሩንም የወሰዱት የኩባ ልጆች ናቸው፤ ኩባ ግን አንዱን ብቻ ነው ማሰለፍ የምትችለው። አምስት ወርቅ የሚያመጣ ሰው ያላት አገር ከእሱ ጋር እየታገሉ ያጠነከሩት ሌሎች ሰዎችም አሏት፤ እነሱን የሚቆጥር የለም። አንተም ለሎፔዝ ስታጨበጭብ ለአኮስታም፣ ኮታውን አምጥቶ ቤቱ ለቀረውም ልጅ አጨብጭብ።”