ካርቱኑ የጀመረውን መጽሐፉ ይቀጥለዋል



በጀመዓችን መጽሔት ስለ ካርቱን መጻፋችን የሚገርማችሁ ትኖራላችሁ። «የልጆች ጨዋታ አይደለም ወይ?» የሚልም አይጠፋም። እኛ ግን ነገሩ ከጨዋታ ያለፈ ነው እንላለን።

ብዙዎቻችን የሱፐርሄሮ ታሪክ መጀመሪያ በኮሚክ መጽሐፍ ተጽፎ ከዚያ ወደ ቴሌቪዥን የሚሄድ ይመስለናል። ተገላቢጦሹም አለ። ሚስተር ፍሪዝ የሚባለው የባትማን ጠላት እ.ኤ.አ. በ1959 በኮሚክ ሲወጣ በበረዶ መሣሪያ የሚዘርፍ ተራ ወንበዴ ነበር። በ1992 የጀመረው የባትማን አኒሜሽን ግን የታመመች ሚስቱን ለማዳን ሲል የጠፋ ባል አድርጎ አሳየው። ከዚያ በኋላ ኮሚኮቹም ያንኑ ታሪክ የራሳቸው አደረጉት። የጆከር ተከታይ የሆነችው ሃርሊ ኩዊንም ከዚሁ አኒሜሽን የተወለደች ናት። ለአንድ ክፍል ብቻ ታስባ ነበር፤ ተመልካች ስለወደዳት ቆየች፣ በ1999ም ወደ ዋናው የባትማን ኮሚክ ገባች።

እንግዲህ ልብ የነካ ታሪክ ከየትም ይምጣ፣ ቀድሞ የተጻፈውን ሳይቀር ይለውጣል። ይህ ያሳስበናል፤ ተስፋም ይሰጠናል።

የሚያሳስበን ታናናሾቻችን ናቸው። ሃርሊ የሚደበድባትንና የሚያታልላትን ሰው የምትወድ ሴት ናት። ደራሲዎቹ በደሉን በደል ብለው አሳይተውታል። ብዙ ወጣት ግን ሁለቱን የፍቅር ምሳሌ አድርጎ ምስላቸውን በስልኩ ይለጥፋል። ዙልም የፍቅር ልብስ ሲለብስ አይቶ የሚለይ ልጅ የሚኖረን፣ አጠገቡ ተቀምጠን አብረን አይተን ስናወያየው ነው። «ሐራም ነው፣ ዝጋው» ብሎ ማለፍ ብቻውን አያስተምርም።

ተስፋ የሚሰጠንን ደግሞ እንይ። በ2013 በፓኪስታን የወጣው «ቡርቃ አቬንጀር» የተባለ አኒሜሽን ጀግናው አስተማሪ ናት፤ የሴቶች ትምህርት ቤት ሊዘጉ የመጡትን የምትመክተው በመጽሐፍና በብዕር ነው። በ2014 የራሷን ኮሚክ ያገኘችው ሙስሊሟ ካማላ ኻንም እንዲሁ ያለ ምክንያት አልመጣችም፤ ከፈጠሯት መካከል አርታኢዋ ሳና አማናትና ደራሲዋ ጂ. ዊሎው ዊልሰን ሙስሊሞች ናቸው። ጠረጴዛው ዙሪያ ስለተቀመጡ ታሪኩ ተለወጠ።

የእናቱ ዘር ከሐበሻ የሆነው የቢላል (ረ.ዐ.) ታሪክም በ2015 በዱባይ የአኒሜሽን ፊልም ሆኖ ቀርቧል። ሰሓቦችን በምስል ማሳየት ላይ ዑለሞች የሚያነሱት ጥያቄ አለ፤ እናከብረዋለን። እኛን የሚመለከተው ሌላ ጥያቄ ግን ይቀራል፦ የእኛን ታሪክ ሌላው ሲተርክ እኛ የት ነን?

በጀመዓችን ሥዕል የሚችል፣ ሶፍትዌር የሚያጠና፣ ድርሰት የሚጽፍ አለ። የሰሓቦችን ምስል መሣል ሳያስፈልገን የወሎ መንዙማ፣ የሐረር ቁርኣን ቤት፣ ዶርም ውስጥ ለፈጅር የሚቀሰቅሰን ጓደኛ ታሪክ ይሆናሉ። ስብከት ላይ ልብስ አልብሰን ግን አናቅርብ። ሚስተር ፍሪዝን የለወጠው ምክር አልነበረም፤ የሰው ሐዘን ነበር።

ሦስት አራት ሆነን በአንዲት አጭር ታሪክ እንጀምር። አላህ ኒያችንን ያስተካክልልን፣ ሥራችንንም ይቀበለን።