ሽማግሌና የገና ዱላ

በዚህ ገጽ ስለ ቤተ ሰብ ኑሮ ስንነጋገር ዘወትር የምናነሣው ልጆችን ስለ ማሳደግ ነው። ዛሬ ግን ልጆቻቸውን አሳድገው፥ የሥራ ዘመናቸውንም ፈጽመው በቤት ስለ ተቀመጡት አባቶች ጥቂት እንናገር።

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ዳርቻ፥ ኮዬ ፈጬ በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ አንድ ወዳጅ አሉን። ስፍራው ቀድሞ የእርሻ መሬት ነበረ፤ ዛሬ ግን የኮንዶሚኒየም ፎቆች በየረድፋቸው ቆመውበታል። ሰዉም ከልዩ ልዩ ሰፈር በዕጣ ተሰባስቦ የገባ ስለ ሆነ፥ ጎረቤት ከጎረቤቱ ገና አልተላመደም። ወዳጃችን 38 ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት አገልግለው ጡረታ ከወጡ በኋላ፥ ጧት በሰገነት ላይ ቡና መጠጣት፥ ከቀትር በኋላም ያንኑ ወንበር ወደ ጥላ ማዞር ሥራቸው ሆነ። ጉልበታቸው ደረቀ፤ ጨዋታቸውም አጠረ።

ባለፈው ታኅሣሥ በፎቆቹ መካከል ባለው ሜዳ ጎረምሶች ገና ሲጫወቱ አዩና ወርደው ዱላ ለመኑ። ባለቤታቸው ይህን በሰሙ ጊዜ፥ «አንቱ፥ በ67 ዓመትዎ ከልጆች ጋራ ሲሯሯጡ ሰው ምን ይላል? ቢወድቁስ ማን ያነሣዎታል?» አሏቸው።

ሁለቱም ጥያቄ የሚገባ ነው። መልሱን ግን ከጨዋታው ከራሱ እንፈልገው። ገና ጫፉ በቆለመመ ዱላ የሚመታ፥ ጥንግ ወይም ሩር የምትባለውንም ኳስ ወደ ባላጋራ ዳርቻ በማድረስ የሚሸናነፉበት የአባቶቻችን ጨዋታ ነው። የክርስቶስን መወለድ የሰሙ እረኞች በደስታ በበትራቸው ተጫወቱ የሚለው ትውፊት ከልደት በዓል ጋራ አያይዞታል። በዚህም ጨዋታ ጌታ በሎሌው ቢመታ ወይም በግጥም ቢሰደብ አይቆጣም ነበር፤ ማዕርግ ከሜዳው ውጭ ይቀመጥ ነበርና። ስለዚህ ሰው ምን ይላል ለሚለው፥ ልማዳችን አስቀድሞ መልሶታል።

የኤውሮጳም ሰዎች ሆኪ ብለው የሚጫወቱት ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለም። የዓለም የሆኪ ማኅበር በፓሪስ የተመሠረተው እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በጃንዋሪ 7 ቀን 1924 ነበር፤ ይህም በእኛ ታኅሣሥ 28 ቀን 1916 ዓመተ ምሕረት፥ የገና በዓል የዋለበት ዕለት መሆኑ ያስገርማል። ዛሬ በዚያ ጨዋታ 35 ዓመት ያለፋቸው ሰዎች በየዕድሜያቸው ተመድበው ይወዳደራሉ። በእንግሊዝ አገርም መሮጥ ለማይችሉት በእርምጃ ብቻ የሚጫወቱት ሆኪ ተዘጋጅቶላቸዋል። በአገራችን ደግሞ የባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ለገና ደንብ አውጥቶለት ያወዳድርበታል።

ወደ ወዳጃችን እንመለስ። በመጀመሪያው እሑድ ዱላቸው ነፋስ መታ። ማንም አልሳቀባቸውም፤ ይልቁንም ጎረምሶቹ መንገድ እየለቀቁ አሳለፏቸው። የእርሳቸው ወገን በተሸነፈ ጊዜም አሸናፊዎቹ እንደ ልማዱ በግጥም ተሸናፊውን ሁሉ እየጠሩ ሲሰድቡ፥ እርሳቸውን ብቻ ዘለሏቸው። አዝነው ቤት ገቡ። ባለቤታቸውም፥ «ካከበሩዎት ምን አስከፋዎት?» ቢሏቸው፥ «አላጫወቱኝም፤ እንደ እንግዳ ሸኙኝ እንጂ» ብለው መለሱ።

በሦስተኛው እሑድ ግን ከአንዱ ጎረምሳ ጥንጊቱን ነጠቁት። ልጁም ሽማግሌ መሆናቸውን ረስቶ ዱላውን ከዱላቸው አጋጭቶ መልሶ ወሰደባቸው። በዚያ ቀን ግጥሙ በራሰ በራነታቸው ላይ ወረደ፤ እርሳቸውም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። በማግሥቱ ደረጃ ላይ የውሃ ጀሪካን ይዘው ሲወጡ፥ ከዚያ ቀድሞ ሰላምታ ሰጥቷቸው የማያውቅ ያው ልጅ፥ «ጋሼ፥ ይስጡኝ» ብሎ እስከ አራተኛ ፎቅ ተሸከመላቸው።

የባለቤታቸው ሁለተኛ ጥያቄ ግን በሳቅ የሚታለፍ አይደለም፤ በዚህ ዕድሜ መውደቅ አጥንት ይሰብራልና። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓመተ ምሕረት ባወጣው ምክር፥ ዕድሜያቸው 65 የሞላና ያለፈ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፥ በሳምንትም 3 ቀን ወይም ከዚያ በላይ የሰውነትን ሚዛን የሚያጸና ልምምድ እንዲጨምሩ ያሳስባል። እንግዲህ ለመጀመር የሚያስብ አባት አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ይልቁንም የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት። ጥቂት ሳምንት በመራመድ ይለማመድ፤ የማያንሸራትት ጫማ ያድርግ፤ ጉድጓድ ከሌለበት ሜዳ ይጫወት። ከእንጨት ከተጠረበችው ኳስ ይልቅ ከጠፍር የተሠራችውን ይምረጥ፤ ዱላውንም ከትከሻው በላይ አያንሣ።

ጎረምሶችም ከሽማግሌ ጋራ ሲጫወቱ ጉልበቱን ይጠብቁለት እንጂ ጨዋታውን አይንፈጉት እንላለን። ማክበር ማለት ከመካከል ማውጣት አይደለምና።

በዓሉ ካለፈ በኋላም ወዳጃችን እሑድ እሑድ መጫወትን አልተዉም። ባለቤታቸው ዛሬም ይፈራሉ፤ ነገር ግን እሑድ ጧት ጫማቸውን ጠርገው ከደጃፍ ያኖሩላቸዋል።